‹ስኳር መለኪያ› ወይስ ‹ስብረት መለኪያ›? የአንድ መሣሪያ ስም ታሪክ

የሙያ ቃል ሲተረጐም ዕቃውን በሚሰጠው አገልግሎት መሰየም ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ዕቃው ከአንድ ሙያ ወደ ሌላው ሲሻገር ስሙ ሊያሳስት ይችላል። የፈሳሽን ውፍረት የሚለካው ሬፍራክቶሜትር ለዚህ ምሳሌ ነው። ይህ ጽሑፍ የመሣሪያውን ታሪክ ተከትሎ፣ በአማርኛ ሊሰጠው ስለሚገባው ስም አንድ ሐሳብ ያቀርባል።

የመሣሪያው መሠረት የብርሃን ስብረት ነው። ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ በውሃው ውስጥ የሟሟው ስኳር በበዛ መጠን ስብረቱ ይጨምራል። የስብረትን ሕግ ኢብን ሳህል በባግዳድ እ.ኤ.አ. በ984 ገደማ፣ ኔዘርላንዳዊው ስኔል ደግሞ በ1621 ደርሰውበታል። ጀርመናዊው ኤርንስት አቤ በዚሁ ሕግ የተመሠረተውን መሣሪያ በ1874 በጽሑፍ አስታወቀ። ልኬቱ ግን በሌላ መንገድ የመጣ ነው፤ ካርል ባሊንግ በ1843፣ ከእርሱም ቀጥሎ አዶልፍ ብሪክስ ሰንጠረዦቻቸውን ያዘጋጁት በፈሳሽ ላይ ለሚንሳፈፍ መለኪያ ነበር። 1 ብሪክስ ማለት በ100 ግራም የስኳርና የውሃ ድብልቅ ውስጥ 1 ግራም የሸንኮራ ስኳር መኖሩ ነው።

በአገራችን ዘመናዊ የስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. በወንጂ ሲሆን፣ ያቋቋመውም ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ ነበር። የአገዳው መድረስ በጭማቂው ብሪክስ ስለሚመረመር፣ በዚህ ሙያ ውስጥ መሣሪያውን ‹ስኳር መለኪያ› ማለት ብዙ አያሳስትም፤ በጭማቂው ከሟሟው አብዛኛው በእርግጥ ስኳር ነውና።

ችግሩ የሚመጣው መሣሪያው ከሸንኮራ ወደ ማር ሲሻገር ነው። በአሶሳ ዞን፣ በሱዳን ድንበር አጠገብ የሚገኘውን ቆላማውን የሸርቆሌ ወረዳ እንውሰድ። አንድ ገዥ በ‹ስኳር መለኪያ› የማሩን ጠብታ ለክቶ ‹78› የሚል ቁጥር ቢያሳይ፣ ባለማሩ የሚሰማው ክስ ነው፤ በአማርኛ ‹ማሩ ስኳር አለበት› ማለት ‹ተጭበርብሯል› ማለት ነውና። ነገር ግን 78 ብሪክስ የሚያመለክተው በመቶ 20 ገደማ ውሃ ያለውን ማር ነው፤ ይህም ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ ለአብዛኛው የማር ዓይነት የፈቀደው የውሃ ጣሪያ ነው። በአንጻሩ ስኳር በጥብጦ ያወፈረ አጭበርባሪ ከመሣሪያው መልካም ቁጥር ያገኛል፤ የስብረት መጠን ብቻውን ማርን ከስኳር ሽሮፕ አይለይምና። ስለዚህ ስሙ ንጹሑን ያስከስሳል፤ አጥፊውን ይሸሽጋል።

የሙቀትም ነገር አለ። ሰንጠረዡ የተሠራው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በ30 ዲግሪ ያለ እርማት የተለካ ማር ከእውነተኛው በመቶ 1 ያህል የበለጠ ውሃ ያለው መስሎ ይታያል። በመቶ 19.5 ውሃ ያለው የቆላ ማር በዚህ ምክንያት ብቻ ከጣሪያው ሊያልፍ ይችላል። የሙቀት እርማት የሚለው ሐረግ በመመሪያው ትርጉም ውስጥ ቢዘነጋ፣ ጉዳቱ በሻጩ ኪስ ላይ ነው።

በቀድሞው የእጅ መሣሪያ ለኪው ወደ ብርሃን አዙሮ ሲመለከት የብርሃኑንና የጨለማውን ድንበር በዐይኑ ያያል። በኪስ በሚያዘው ዲጂታል መሣሪያ ግን ጠብታ አኑሮ ቁልፍ ሲጫን የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው። አሠራሩ ከዐይን ስለተሰወረ፣ የሚያስረዳው ስሙ ነው።

እንግዲህ ምን እንበለው? ‹ብረዛ› ከሚለው ዘር መነሣት ይማርካል፤ ጠጅ ጣዮች ማርን በውሃ ሲበርዙ የኖሩ ናቸውና። ዳሩ ግን ‹ተበረዘ› ዛሬ ‹ተበላሸ› የሚለውንም ትርጉም ይዟል፤ ስለዚህ ከክሱ አያድነንም። የተሻለው ‹ስብረት መለኪያ› ነው። ‹ብሪክስ› እንዳለ የመለኪያ ስም ሆኖ ይቆይ፤ ለማር ግን ተርጓሚው ‹የውሃ መጠን በመቶ› ብሎ ለይቶ ይጻፍ። አማርኛ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሥራ ቋንቋ እንደ መሆኑ፣ የበርታ ተናጋሪው ባለማር ስለ መሣሪያው የሚሰማው ብዙ ጊዜ በአማርኛው ስም በኩል ነው። በስሙ ውስጥ የገባው ስሕተት ወደ ሌላው ቋንቋ አብሮ ይሻገራል።