«ኤርፖርት»፣ «መዳር»፣ «ማረፊያ»፦ የአንድ ቃል ታሪክ ከሀርጌሳ ሲታይ

በሀርጌሳ አየር ማረፊያ አንዱ ቦታ በብዙ ስም ይጠራል። የሶማልኛ ተናጋሪው «መዳር» ወይም «ገሮን» ይለዋል፤ የአማርኛ ተናጋሪው ሲጽፍ «አየር ማረፊያ»፣ ሲናገር ግን አብዛኛውን ጊዜ «ኤርፖርት» ይላል። ቃላቱ የሚያመለክቱት ቦታ አንድ ቢሆንም ያንን ቦታ የሚያስቡበት መንገድ ይለያያል።

የእንግሊዝኛው «ፖርት» ወደብ ነው፤ የመርከበኛውን ዓለም ወደ ሰማይ አሻግሮታል። «መዳር» የዐረብኛው «መጣር» ሲሆን ሥሩ መብረር ነው። «ዲያራድ» (አውሮፕላን) የሚለው የሶማልኛ ቃልም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ በሁለቱም የዐረብኛው ጥብቅ ድምፅ በ«ድ» ተተክቷል። አማርኛ ግን ከበረራው ይልቅ ማረፉን መረጠ። ወፍ በዛፍ ላይ፣ እንግዳ በሰው ቤት ያርፋል፤ የሞተ ሰውም በአክብሮት «ዐረፈ» ይባላል፤ የፖሊስ ጣቢያ እስር ክፍል ሳይቀር «ማረፊያ ቤት» ነው። ተናጋሪው ወደ «ኤርፖርት» ያዘነበለው ይህን የትርጉም ሸክም ሽሽት ነው ቢባል አልስማማም፤ ቃሉ አጭር ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

የተዋሰው ቃል ግን እንደ ተዋሰ አልቀረም። በአዲስ አበባ «ኦልድ ኤርፖርት» የሰፈር ስም ነው፤ የከተማዋ መንገደኛ አውሮፕላን ከልደታ ወደ ቦሌ ከተዛወረ ከስድሳ ዓመት በላይ ቢሆንም ስሙ አልተነሣም። አዲሱ ደግሞ ቃሉን ለስፍራው ስም አስረክቧል፦ «ቦሌ ሸኘሁት» ያለ ሰው ኤርፖርት ማለት አያስፈልገውም። «በቦሌ ወይም በባሌ» የሚለው አነጋገርም በቃላቱ መመሳሰል እየተጫወተ በአየርም ሆነ በየብስ፣ በማናቸውም መንገድ መውጣትን ይገልጻል።

በሀርጌሳ የ«መዳር» ሥር ትርጉም ከዚህ የከበደ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1988 የዚያድ ባሬ መንግሥት የጦር አውሮፕላኖች ከዚሁ ሜዳ እየተነሡ ጥቂት ኪሎ ሜትር የምትርቀውን ከተማ ደበደቡ፤ ያረፉትም ተመልሰው እዚያው ነበር። ዛሬ አንድ ሚግ አውሮፕላን በከተማዋ መሐል በመታሰቢያ ሐውልት ላይ ቆሞ ይታያል። ሜዳው ከ1993 እስከ 2002 ሶማሌላንድን በፕሬዚዳንትነት በመሩት በሙሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ዒጋል ስም ተሰይሟል፤ በአማርኛ ንግግር ግን «ሀርጌሳ ኤርፖርት» እንደ ተባለ ነው።