እሾህን በእሾህ፦ የካላባር ባቄላና የቤላዶና ታሪክ

በዛሬይቱ ናይጄሪያ ደቡብ ምሥራቅ፣ በካላባር አካባቢ የሚኖሩት የኤፊክ ሰዎች «ኤሴሬ» የሚሉትን የሐረግ ፍሬ ለፍርድ ይጠቀሙበት ነበር። በጥንቆላ የተጠረጠረ ሰው ፍሬውን እንዲውጥ ይደረጋል፤ ቢያስመልሰው ንጹሕ፣ ቢሞት ግን ጥፋተኛ ነው። የብሪታንያ ጦር ሐኪም የነበረው ዊልያም ዳንየል እ.ኤ.አ. በ1846 ስለዚህ ልማድ ዘገበ። ከዚያ በኋላ ሚስዮናውያን ፍሬውን ወደ ስኮትላንድ ላኩት።

በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ትምህርት መምህር የነበሩት ሮበርት ክሪስቲሰን እ.ኤ.አ. በ1855 የፍሬውን ጠባይ በራሳቸው ላይ ሞከሩ። ድካምና የልብ መዛል ሲጫናቸው ጺማቸውን የተላጩበትን የሳሙና ውሃ ጠጥተው በማስመለስ ከሞት ተረፉ። ቢሆንም ለዚህ መርዝ ማርከሻው ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም ነበር።

ማርከሻው የተገኘው ከሌላ መርዝ ነው። ኤውሮጳ ከጥንት ጀምሮ የምታውቀው ቤላዶና የተባለው ተክል የዓይን ብሌንን ያሰፋል፣ አፍን ያደርቃል፣ የልብ ትርታን ያፋጥናል። የካላባር ባቄላ ደግሞ ብሌንን ያጠባል፣ ምራቅን ያበዛል፣ ልብን ያዘገያል። እ.ኤ.አ. በ1863 የዓይን ሐኪሙ አርጋይል ሮበርትሰን ይህን ተቃርኖ በዓይን ላይ አሳየ። በ1864 ደግሞ በፕራግ ክላይንቬክተር የተባለ ሐኪም በቤላዶናው ቅመም በአትሮፒን የተመረዘን ሰው በካላባር ባቄላ አከመ። ይሁን እንጂ ከአንድ በሽተኛ መዳን ተነሥቶ ሕግ ማውጣት አይቻልም፤ በሽተኛው ያለ መድኃኒቱም ይድን እንደሆነ ማን ያውቃል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው የክሪስቲሰን ደቀ መዝሙር ቶማስ ፍሬዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 ባሳተመው ጥናት ጥንቸሎችን ለሞት በሚያበቃ መጠን የባቄላውን መርዝ ወግቶ፣ አትሮፒኑን አንዳንዴ አስቀድሞ፣ አንዳንዴ አብሮ፣ አንዳንዴም አዘግይቶ ሰጣቸው። ብዙዎቹ ዳኑ። ከቀናት በኋላም ከሞት ለተረፉት እንስሳት ያንኑ መርዝ ያለ ማርከሻ ሰጣቸው፤ ሞቱ። ሥራው ጭካኔ የተመላበት ቢሆንም ጥርጣሬን አስወገደ፤ ያዳናቸው አትሮፒኑ እንጂ ዕድል አለመሆኑ ተረጋገጠ።

ከዚህም የላቀው ቁም ነገር ወሰኑን መለካቱ ነው። አትሮፒን ሲያንስ አያድንም፤ ሲበዛ ራሱ ይገድላል፤ ሲዘገይ ዋጋ ያጣል። ፍሬዘር የሕይወትንና የሞትን ክልል በሁለቱ መድኃኒቶች መጠን ለይቶ በሥዕል አሰፈረው። የመሸከም አቅምን ከጭነት ጋር የሚያመዛዝን ማንኛውም ባለሙያ የዚህን አሠራር ዋጋ አይስተውም።

ምክንያቱ የታወቀው ግን ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ኦቶ ሎዊና ባልደረባው እንዳሳዩት፣ የባቄላው ቅመም የነርቭ መልእክተኛ የሆነው አሴቲልኮሊን እንዳይፈርስ ይከለክላል፤ መልእክቱም ይበዛል። አትሮፒን ደግሞ መልእክቱ የሚያርፍበትን በር ይዘጋል። ስለዚህ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም፤ ሥራውን ብቻ ያግደዋል። አትሮፒን በጡንቻዎች ላይ የሚደርሰውን መዛል የማያስቀረውም የሚዘጋው በር የእነርሱ ስላልሆነ ነው። ደግሞም አያሌ ጥንቸሎች አትሮፒንን የሚያፈርስ ኢንዛይም በደማቸው ስላላቸው ብዙ መጠን ይችላሉ፤ በጥንቸል የተገኘው ቁጥር ለሰው ወይም ለላም አይሠራም።

ጉዳዩ ለአገራችንም ሩቅ አይደለም። በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው አስተናግር ከቤላዶና ጋር አንድ ዓይነት ቅመም አለው። መዥገርና ተባይ ለማጥፋት የሚረጩት ኦርጋኖፎስፌት የተባሉት ኬሚካሎችም እንደ ካላባር ባቄላ ሁሉ የአሴቲልኮሊንን መፍረስ ያግዳሉ። በእነዚህ የተመረዘ ገበሬ ወይም ከብት ሲገኝ ሐኪሙ የሚያነሣው ያንኑ አትሮፒን ነው። «እሾህን በእሾህ» የሚለው ብሂል እውነት የሚሆነው ግን መጠኑና ሰዓቱ ሲጠበቅ ብቻ ነው፤ አለዚያ በአንድ እሾህ ፈንታ ሁለት ይሆናል።