ዜና ሲጀምር ከቤት የሚወጣው ከተማ

ታኅሣሥ 4 ቀን 1974 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 1981) እሑድ ነበር። የፖላንድ ልጆች ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ «ቴሌራኔክ» የተባለውን የልጆች ፕሮግራም ለማየት ቴሌቪዥን ከፈቱ። ፕሮግራሙ የለም። በምትኩ ጄኔራል ያሩዜልስኪ በወታደር ልብስ ቀርቦ ወታደራዊ አስተዳደር መታወጁን ይናገራል። ወላጆች ለዘመድ ሊደውሉ ስልክ አነሱ፤ መስመሩ ተቆርጧል። ያኔ ልጅ የነበሩ ፖላንዳውያን ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚያነሱት ታንኩን ሳይሆን ይህን የቀረባቸውን ፕሮግራም ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮ ደርግን ያየ አንባቢ ያውቀዋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሰዓት እላፊ ነው። ሥጋና ስኳር በራሽን ካርድ፣ ያውም ተሰልፎ ነው። ከከተማ ወደ ከተማ ለመሄድ ፈቃድ ያስፈልጋል። ደብዳቤ ተከፍቶ ይነበባል። ስልኩ ሲመለስም «ንግግሩ ቁጥጥር እየተደረገበት ነው» የሚል የተቀዳ ድምፅ ጣልቃ ይገባል። የቴሌቪዥን ዜና አንባቢዎች ሳይቀሩ ወታደራዊ ልብስ ለበሱ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። አዋጁ በወጣ በ3ኛው ቀን በ«ቩዬክ» የድንጋይ ከሰል ማዕድን በተተኮሰ ጥይት 9 ሠራተኞች ተገደሉ። የ«ሶሊዳርኖሽች» የሠራተኞች ማኅበር መሪዎችና አባላት በሺዎች ታሰሩ።

ታዲያ ባዶ እጁን የቀረ ሰው ምን ያድርግ? በሉብሊን አቅራቢያ ያለችው የሽፊድኒክ ከተማ ነዋሪዎች በፌብሩዋሪ 1982 አንድ ዘዴ አገኙ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል የመንግሥት ዜና ሲጀምር ሁሉም ለሽርሽር ይወጣል። አንዳንዱ ቴሌቪዥኑን በሕፃን ጋሪ ጭኖ ይንሸራሸራል። መፈክር የለም፣ ድንጋይ አይወረወርም። መንግሥት ተናደደና የከተማዋን ሰዓት እላፊ ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት አመጣው። ሕዝቡም የ11 ሰዓቱ ዜና ሲጀምር መውጣት ጀመረ።

አዋጁ በጁላይ 1983 ተነሣ። ያሩዜልስኪ የሶቪየትን ወረራ ለማስቀረት ያደረግሁት ነው እያለ እስከ ሞቱ ተከራከረ፤ ፖላንዳውያን ዛሬም በዚህ አይስማሙም። ክርክሩ ግን ስለ ጄኔራሎች ነው። የሽፊድኒክ ሰዎች ትዝታ የሚነግረን ሌላ ነው። መንግሥት ሰውን ከመንገድ ወደ ቤቱ ሊያስገባ ይችላል፤ ቤቱ ገብቶ ግን የሚነገረውን እንዲያምን ማስገደድ አልቻለም። በጁን 1989 ምርጫ ሲደረግ ሶሊዳርኖሽች እንዲወዳደርባቸው የተፈቀዱለትን የታችኛው ምክር ቤት ወንበሮች በሙሉ አሸነፈ።