ውሻና ዝንጀሮ በጊኒ ዎርም ታሪክ ውስጥ



የእንስሳት ጥገኛ ከሆኑት ድቡልቡል ትሎች መካከል ለዛሬው ንግግሬ የመረጥኩት አንዱን ብቻ ነው፤ ጊኒ ዎርምን። ይህ ትል ለረጅም ዘመን የሰው ብቻ ደዌ ተደርጎ ሲታይ ኖሮ፣ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው በእንስሳት አካል ውስጥ ተገኘ። የዚህን ታሪካዊ ትርጉም ለማሳየት እሞክራለሁ።

አስቀድሜ የሕይወት ዑደቱን ላስታውስ። ሰው ከኩሬ ሲጠጣ ሳይክሎፕስ የተባሉ ደቃቅ የውሃ እንስሳትን ሳያውቅ ይውጣል፤ በውስጣቸውም የትሉ እጭ አለ። እጩ በጨጓራ ውስጥ ነጻ ወጥቶ የአንጀትን ግድግዳ በስቶ ያልፋል። ወንዱ ከተራክቦ በኋላ ይሞታል፤ እስከ 1 ሜትር የምትረዝመው ሴቷ ግን ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእግር በኩል፣ ቆዳን አቁስላ ትወጣለች። ታማሚው ቃጠሎውን ለማብረድ እግሩን ውሃ ውስጥ ሲነክር እጮቿን ትረጫለች፤ ዑደቱም እንደገና ይጀምራል።

የሳይክሎፕስን ሚና ሩሲያዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ አሌክሲ ፌድቼንኮ በቱርኪስታን የደረሰበት በ1870 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ለበሽታው ፈዋሽ መድኃኒትም ሆነ ክትባት የለውም። ይሁንና ውሃን በማጣራትና ታማሚን ከኩሬ በማራቅ ሰንሰለቱን መበጠስ ይቻላል። ዓለም አቀፉ ዘመቻ የተመሠረተው በዚሁ እውቀት ላይ ነበር። በ1986 በየዓመቱ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይያዙ ነበር፤ ከ2021 እስከ 2024 ባሉት ዓመታት ግን በመላው ዓለም በየዓመቱ የተመዘገቡት ታማሚዎች ከ20 ያነሱ ናቸው።

ነገር ግን በ2012 ቻድ ውስጥ ውሾች በትሉ መያዛቸው ታወቀ። በአገራችንም በጋምቤላ ክልል ውሾችና ዝንጀሮዎች ተይዘው ተገኙ። የዘረመል ምርመራም የሰውና የውሻው ትል አንድ ዝርያ መሆኑን አረጋገጠ።

ነገሩ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ቡኻራ ውስጥ በሽታው ሲጠፋ፣ በትሉ የተያዙ ውሾች መኖራቸው ተስተውሎ ነበር። ሆኖም ይህ መረጃ እንደ ተራ ክስተት ስለተቆጠረ በኋለኛው ዘመቻ እቅድ ውስጥ ቦታ አላገኘም። በእኔ አመለካከት የታሪኩ ዋና ቁም ነገር ይህ ነው፤ ዘመቻው ይቆጥር የነበረው ሰውን ብቻ ስለሆነ፣ ያየውም ሰውን ብቻ ነበር።

ተመሳሳይ ምሳሌ አለን። ቢጫ ወባን ከምድረ ገጽ የማጥፋት ተስፋ የከሰመው፣ በ1930ዎቹ በሽታው በደቡብ አሜሪካ ደኖች በጦጣዎች መካከል እንደሚዘዋወር በታወቀ ጊዜ ነው። ጊኒ ዎርም ግን የተለየ ዕድል አለው፤ ትንኝ እንደሚያስተላልፈው በሽታ በአየር አይበርምና፣ የግድ ኩሬውን ይሻል። ኩሬን በኬሚካል ማከም፣ ውሻን ማሰር፣ የዓሣ ሆድ ዕቃን መቅበር ይቻላል። የሚያስቸግረው ዝንጀሮው ነው፤ እርሱን የሚያስር የለም።

እንግዲህ የመጨረሻው ምዕራፍ የሚጻፈው ውሻውን ለወራት አስሮ በሚቀልበው የጋምቤላ ገበሬ ትዕግሥት ጭምር ነው። ከሰው ታማሚ ቁጥር ጎን ለጎን የእንስሳቱን ቁጥር እኩል ካላነበብን፣ ድል ብለን የምንጽፈው ታሪክ ያልተጠናቀቀ ይሆናል።