ታወሩ ሲርቅ ቀፎው ይጮኻል

ከወልድያ ቁልቁል ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ጭፍራ፣ ሞባይል ሳይታሰብ ወሬ በፍጥነት የሚደርስባት አገር ነበረች። አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዳጉ ሳይለዋወጥ አያልፍም፤ ዝናቡ የት ጣለ፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ ማን ታመመ ይባባላል። ሰሚውም ለሚያገኘው ያደርሳል። አሁን ዳጉው በቀፎም ይሄዳል። ከቀፎው ጋር ግን በየከተማችን የሚሰማው ጥርጣሬ ይመጣል፦ «ጨረሩ አይጎዳንም ወይ?»

ጥያቄው ከሞባይል ይቀድማል፤ ራዳር ያመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ሄርማን ሽዋን የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ በካሬ ሴንቲ ሜትር 10 ሚሊ ዋት ወሰን ይሁን አለ፤ መነሻው ሰውነት ችሎ የሚያስወጣው ሙቀት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሶቪየቶች ለሙሉ የሥራ ቀን አንድ ሺህ ጊዜ ያነሰ ወሰን አወጡ። እነሱ የሠራተኞቹን ራስ ምታትና ድካም ጭምር ቆጥረው ነበር። ክርክሩ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልበረደም።

ብዙ አገሮች የሚከተሉት ወሰን እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው፣ የጨረር ደኅንነትን የሚከታተል ዓለም አቀፍ ኮሚሽን መመሪያ ነው፦ ሰውነት የሚቀበለው ኃይል ለራስና ለደረት በኪሎ ግራም 2 ዋት። አሜሪካ 1.6 ትላለች። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ አዲስ አበባ ላይ ሞባይል ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2011 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የሬዲዮ ሞገድን «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚባሉት ጎራ መደበው። እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠናው ሰፊ ግምገማ ግን ሞባይልን ከአንጎል ካንሰር ጋር የሚያያይዝ ነገር አላገኘም።

እኔ የሚገርመኝ ፍርሃታችን የሚያርፍበት ቦታ ነው። ሰው ታወሩን ይፈራል፤ ቀፎውን ጆሮው ላይ ለጥፎ። የታወሩ ሞገድ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ሰው በሚኖርበት ሥፍራም አብዛኛውን ጊዜ ከወሰኑ እጅግ በታች ነው። ቀፎው ግን ኔትወርክ ሲደክም ኃይሉን ያሳድጋል። የቆየው የሁለተኛው ትውልድ ስልክ በ900 ሜጋ ኸርዝ እስከ 2 ዋት ይተፋል፤ ተራውን እየጠበቀ ስለሚልክ አማካዩ ሩብ ዋት አካባቢ ነው። ታወር አጠገብ ሲሆን ከዚህ እጅግ ያንሳል። ስለዚህ ከከተማው ርቆ፣ አንድ መስመር ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ የወጣው ከብት ጠባቂ፣ ታወር ሥር ከሚኖረው ሰው የበለጠ ሞገድ ይቀበላል፤ ያም ሆኖ ወሰኑን በጠበቀ ቀፎ ከሆነ በልኩ ውስጥ ነው።

«ወሰኑን በጠበቀ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ፈረንሳይ አይፎን 12ን ለክታ፣ በእጅ ሲያዝ በኪሎ ግራም 5.74 ዋት አገኘች፤ ለእጅና ለእግር ወሰኑ 4 ነው። ሽያጩን አገደች፣ አፕልም ሶፍትዌሩን አስተካከለ። የዓለም ስመ ጥር ቀፎ እንዲህ ከተገኘ፣ በኮንትሮባንድ የገባውን ማን ለካው? በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የቀፎዎችን ልኬት ሸማቹ በሚያነበው ቋንቋ፣ አፋርኛን ጨምሮ፣ ይፋ ቢያደርግ መልካም ነው። እስከዚያው በብዙ ስልኮች ላይ *#07# ብትደውሉ የቀፎውን ልኬት ታያላችሁ፤ ኔትወርክ ሲደክምም በላውድ ወይም በጆሮ ማዳመጫ አውሩ።