አንድ ሰዓት፣ ብዙ አስተካካይ፦ መሪውን የሚይዘው ማነው?

የስልካችሁ ቀንና ሰዓት ሲዛባ ድረ ገጾች አልከፈት ይላሉ። በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረው የማረጋገጫ ኮድም "ተሳስቷል" ይላችኋል፤ ኮዱ የሚሰላው ከሰዓቱ ነዋ! ኮዱን የሚያረጋግጠው ሰርቨርም ሰዓቱ ልክ መሆን አለበት።

በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ይህን ሥራ የሚሠሩት ከጀርባ ሆነው ሁሌ የሚሮጡ ፕሮግራሞች (ዴመን) ናቸው። አንድ ማሽን ላይ ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ፦

👉 ክሮኒ፦ በኤንቲፒ አማካኝነት የኢንተርኔት ሰዓት ሰርቨሮችን ይጠይቃል። ጥያቄና መልሱ በመንገድ የፈጁትን ጊዜ አስልቶ ልዩነቱን ያወጣል። ኤንቲፒ የዴቪድ ሚልስ ሥራ ሲሆን ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ።

👉 ጂፒኤስዲ፦ ከጂፒኤስ መቀበያ ሰዓት ያነባል።

👉 ፒቲፒ4ኤል፦ የኔትወርክ ካርዱ ላይ ያለውን የራሱን ሰዓት ያስተካክላል።

👉 ፒኤችሲ2ሲስ፦ የካርዱን ሰዓት ወደ ኮምፒውተሩ ዋና ሰዓት ያደርሳል።

⚠️ ችግሩ የት ጋ ነው?

ሁለቱ ዋናውን ሰዓት በአንዴ ላስተካክል ካሉ፣ አንዱ ወደፊት ሲገፋ ሌላው "ሰዓቱ ተዛባ" ብሎ ወደኋላ ይጎትታል። አንድ መሪ ሁለት ሹፌር ማለት ነው። ሁለቱም ልክ ሆነው ሰዓቱ ግን አይረጋም።

✅ መፍትሔው

ዋናውን ሰዓት የሚነካው አንድ ብቻ ይሆናል፤ ሌሎቹ ያነበቡትን ይነግሩታል። ጂፒኤስዲና ፒኤችሲ2ሲስ ንባባቸውን በጋራ ሚሞሪ ላይ ያስቀምጣሉ። ክሮኒ ያንን ወስዶ ከኢንተርኔቱ ጋር ያመሳክራል፣ ከብዙኃኑ የወጣውን ይጥላል፣ ከዚያ ሰዓቱን ያስተካክላል። ትንሽ ልዩነት ከሆነ ሰዓቱን አያዘልለውም፤ ፍጥነቱን ጨመር ወይም ቀነስ እያደረገ ቀስ ብሎ ያደርሰዋል። ፒቲፒ4ኤል የካርዱን ሰዓት ብቻ በሚነካበት ጊዜ ከማንም ጋር አይጋጭም። ታይምማስተር የሚባል ፕሮግራም ደግሞ ክሮኒን፣ ፒቲፒ4ኤልንና ፒኤችሲ2ሲስን በዚህ መልክ አዋቅሮ ያስነሳቸዋል።

ሊኑክስ ላፕቶፕ ያላችሁ ክሮኒን ስትጭኑ ሲስተምዲ ታይምሲንክዲ መጥፋቱን አረጋግጡ።

📱 ስልካችሁስ? አንድሮይድም ከቴሌኮም ኔትወርኩና ከኢንተርኔት ሰዓት ይቀበላል፤ የሚመርጠውና የሚሞላው ግን አንድ የሲስተም አገልግሎት ነው። "አውቶማቲክ ቀንና ሰዓት" የሚለውን ካጠፋችሁት ግን መሪውን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ። ኮድ እምቢ ሲላችሁ መጀመሪያ እሱን እዩ።