የሐራ ሰዓትና የጠፋችው ሠንጠረዥ

ሐራ ያደግን ልጆች ሰዓት የምንቆጥረው ከፀሐይ ነው። ንጋት 12፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ 6። ወደ ወልድያ የሚሄደው መኪናም፣ ገበያውም በዚሁ ነው የሚተዳደረው።

ድሮ እንግሊዝ አገርም ከተማው ሁሉ የየራሱ ሰዓት ነበረው። ያስቀረው ባቡር ነው። ግሬት ዌስተርን የተባለው የባቡር ድርጅት በ1840 እ.ኤ.አ. ጣቢያዎቹን በለንደን ሰዓት አስገባ። (የእኛ ባቡር መሥመር ሐራ ገበያ ድረስ ተቀይሶ ቁፋሮውን አይተናል፤ ፉጨቱን ግን ገና አልሰማንም።)

ኮምፒውተሮች ሲተሳሰሩ ያው ችግር ተመለሰ። የኮምፒውተር ሰዓት በቀን አንድ ሁለት ሰከንድ ቢዛነፍ አይገርምም። በኋላ የዴላዌር ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ዴቪድ ሚልስ በ1985 እ.ኤ.አ. ኤንቲፒ የተባለውን መላ አወጡ። አንዱ ማሽን ሌላውን "ስንት ሰዓት ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የተላከበት፣ የደረሰበት፣ መልሱ የተላከበትና የደረሰበት ሰዓት ይመዘገባል። ከአራቱ ቁጥሮች በመንገድ ላይ የጠፋው ጊዜ ይሰላል፤ መሄጃና መመለሻው እኩል ነው ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ውስጥ ለውስጥ ዓለም ሁሉ የሚቆጥረው አንድ ሰዓት ነው፤ የኢትዮጵያ 3 ሰዓት የሚደመረው ለዓይናችን ብቻ ነው።

ይህን ሳላውቅ ነው ላፕቶፔን በሐበሻ ሰዓት የሞላሁት። ኤንቲፒ ለምን አላረመኝም? ልዩነቱ ከ1000 ሰከንድ ካለፈ ፕሮግራሙ "ይሄ ነገር ጤና የለውም" ብሎ ሥራውን ያቆማል። የእኔ 21,600 ሰከንድ ነበር!

የመመረቂያ ጽሑፋችንን ልናቀርብ አንድ ቀን ሲቀረን፣ ጓደኛዬ የላቡ ኮምፒውተር ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ፋይሉን አስቀመጠ፤ ማሽኑ 15፡00 ብሎ መዘገበ። እኔ ተቀብዬ የውጤቱን ሠንጠረዥ ሞላሁና 11 ሰዓት ላይ ጨረስኩ። የእኔ ማሽን 11፡00 ብሎ ጻፈ፤ ሰርቨሩም ከረፋዱ 5 ሰዓት መሆኑ ነው ብሎ አነበበው። አዲሱን አስቀር፣ አሮጌውን ጣል ተብሎ ስለታዘዘ የእኔን ጣለው። በማግስቱ መምህራኑ ፊት የቆምነው ባዶ ሠንጠረዥ ይዘን ነው።

አንተ ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፦ ያኔ "መብራት ሄዶ ነው" ያልኩህ ውሸት ነበር። መብራቱ አልሄደም። ምክንያቱን ያወቅሁት በዚያው ሳምንት ነው፤ አፍሬ ዝም አልኩ። ዘንድሮ ስንገናኝ ቡናው በእኔ ነው፣ በ9 ሰዓት፣ በሐበሻ።